ድሃ ኩራት ሲያምራት

የጄ.ቢ. ፕሪስትሊ «አን ኢንስፔክተር ኮልስ» የተባለው ተውኔት በእንግሊዝ አገር የ16 ዓመት ተማሪዎች ለጂሲኤስኢ ፈተና በብዛት ከሚያጠኗቸው የሥነ ጽሑፍ ሥራዎች አንዱ ነው። ለንደን የሚኖሩ ብዙ ሐበሻ ወላጆችም በልጆቻቸው በኩል ያውቁታል። በተውኔቱ አንድ ኢንስፔክተር የበርሊንግ ቤተሰብ እራት በልቶ እንደጨረሰ ይመጣና ኢቫ ስሚዝ ስለተባለች የሞተች ልጅ እያንዳንዳቸውን ይጠይቃል። የዚህ ምልልስ ተናጋሪዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው እዚያው ለንደን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል። ሁለተኛዋ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ ሲጦሩ የኖሩ፣ አሁን በቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ማኅበር የተቸገሩትን የሚረዳ ኮሚቴ አባል የሆኑ እናት ናቸው። ተውኔቱን አይተው ሲወጡ በአንዲት ሴት ላይ ተከራከሩ፤ በሚስስ ሲቢል በርሊንግ ላይ።

እትዬ፦ ከሁሉም ያቃጠለችኝ እሷ ናት። ባልየው ነጋዴ ነው፣ ገንዘቡን ይወዳል፣ መውደዱንም አይደብቅም። ልጅቷ ደመወዝ ይጨመርልን ብላ ጓደኞቿን ስላሳደመች ከፋብሪካው አባረራት። ክፉ ነው፤ ግን ክፋቱ ፊት ለፊት ነው። ሴትዮዋ ግን ችግረኛ እንረዳለን በሚል ድርጅት ውስጥ ድምጿ የሚሰማ ትልቅ ሰው ሆና ተቀምጣ ነው ነፍሰ ጡሯን ባዶ እጇን የመለሰቻት።

መምህሩ፦ ተማሪዎቼም «ግብዝ ናት» ብለው ጽፈው ይጨርሳሉ። እኔን ግን አያረካኝም፣ እትዬ። ግብዝ ሰው የሚደብቀውን ያውቃል። ሚስስ በርሊንግ የምትደብቀው ነገር ያለ አይመስላትም። ግዴታዬን ተወጣሁ ብላ ከልቧ ታምናለች። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

እትዬ፦ ከልቧ? ፎቶግራፉንስ ምን ልታደርገው ነው? ኢንስፔክተሩ አውጥቶ ሲያሳያት አላውቃትም አለች እኮ። ልጅቷ ፊቷ ቆማ ከለመነቻት ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። የገዛ ልጇ ሺላ እንኳ የእናቷን ፊት አይታ ነቃችባት። ደግሞ ያቺን ምስኪን የከሰሰቻት በምንድን ነው? በውሸት አይደለም? የሐሰት ስም ሰጠች፣ ባል ነበረኝ ጥሎኝ ሄደ አለች ብላ ነው። ልጅቷ የዋሸችው ርቧት ነው። ይቺ እራቷን በልታ፣ በገዛ ቤቷ ቆማ ዋሸች።

መምህሩ፦ ውሸቷን አልክድም። ለእሷ ግን እንደ ውሸት አይሰማትም ነው የምልዎት። አንድ ፖሊስ ማን ስለሆነ ይጠይቀኛል ባይ ናት። ባሏ ከሁለት ዓመት በፊት የከተማው ከንቲባ እንደነበረ፣ አሁንም በዳኝነት ወንበር እንደሚቀመጥ ታስታውሰዋለች። እውነት ለእኩያ የሚነገር ነገር ነው፤ ከበታች ላለ ሰው ተገቢ የመሰላትን ትሰጠዋለች።

እትዬ፦ እንዲህ ከሆነማ ባሰባት።

መምህሩ፦ እኔም ባሰባት ነው የምለው። ከየት እንደመጣች ልብ ይበሉ። ፕሪስትሊ ገና ሲያስተዋውቃት ቀዝቃዛ ሴት ናት፣ በዘርም ከባሏ ትበልጣለች ይለናል። ባልየው በሀብት የወጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ላይ እራቱ ጣፋጭ ነበር፣ ለወጥ ቤቷ ንገሪልኝ ሲላት የገሠጸችውን አስተውለዋል?

እትዬ፦ አስተውያለሁ። ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

መምህሩ፦ እንግዳ ፊት ምግብ ማሞገስ ነውር ስለሆነ ነው። በእሷ ወግ መልካም እራት ይቀርባል እንጂ አይወራለትም፤ ካወሩለት ያልለመዱት መሆንዎ ይታወቃል። እንግዳው ደግሞ ልጇን ሊያገባ ያጫት ጄራልድ ክሮፍት ነው። አባቱ ሰር ጆርጅ፣ እናቱ ሌዲ ክሮፍት ናቸው፤ እናቲቱም ልጄ የተሻለ ቤት ማግባት ይችል ነበር የሚል ቅሬታ አላቸው። ሚስስ በርሊንግ ባሏን ቁልቁል ታያለች፣ እሷንም ከላይ ሆነው ቁልቁል የሚያዩዋት አሉ። በዚያ ቤት ሁሉም ደረጃውን በጣቱ እየዳሰሰ ነው የሚኖረው።

እትዬ፦ አውቀዋለሁ። አንዲት አሮጊት ዘንድ እሠራ ነበር። ለእኛ ለጧሪዎቹ የተለየ ኩባያ ነበረን፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ካለው ቁም ሣጥን፣ ከሳሙናው ጎን። የእሷን ኩባያ የማጥበው እኔ፣ የማደርቀው እኔ፣ ሻዩን አፍልቼ ከንፈሯ ላይ የማደርስላት እኔ፤ ልጠጣበት ግን አይፈቀድም። ምድጃው ላይ ደግሞ ለአፍሪካ ሕፃናት በየወሩ ገንዘብ ስለምትልክ የተጻፈላት የምስጋና ደብዳቤ በክፈፍ ተቀምጧል። ክፉ አልነበረችም። ስታመም አዝናልኛለች። ኩባያው ግን እዚያው ከሳሙናው ጎን ነበር።

መምህሩ፦ ስለ ኩባያው ጠይቀዋት ያውቃሉ?

እትዬ፦ ምን ብዬ? ብጠይቃት ትገረማለች እንጂ አታፍርም። የበርሊንጓንም ሴትዮ ሳያት ያን መገረም አየሁባት። ልጅቷ ኮሚቴው ፊት ቀርባ «ሚስስ በርሊንግ እባላለሁ» ስትል ምን ነካት? ሆዷ ገፍቷል፣ ቤት የላትም፣ በልታ የምታድርበት የላትም። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ አልፋ ስሙን ያዘች። በስሜ መጣችብኝ! ከዚያ በኋላ ልጅቷ ምንም ብትል አልሰማቻትም።

መምህሩ፦ ስሙ እንዳስቀየማት ራሷም አምናለች። እንዲያውም ያመነችው ነውር ስላልመሰላት ነው።

እትዬ፦ አየህ፣ በዚህ ፍርድ ውስጥ የእኔም ሥራ ስላለበት ልናገር። እኛም ኮሚቴ አለን። ገንዘቡ ከምእመናን የተሰበሰበ ነው፤ አንዳንዱ ሌሊት ሆቴል አጽድቶ ያገኘውን ነው የሚሰጠው። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር፣ ዘመድ እንዳለው ሳንጠይቅ አንሰጥም። የሚዋሸን አለ። ታዲያ መጠየቅ ሚስስ በርሊንግ ካስባለ እኛም ሁላችን ሚስስ በርሊንግ ነን ማለት ነው፤ ይህን አልቀበልም።

መምህሩ፦ አይደላችሁም። ልዩነቱ ጥያቄው ላይ ሳይሆን ጥያቄው ምን ፍለጋ ነው የሚለው ላይ ነው። እናንተ የምትጠይቁት ችግሩን ነው። በሚስስ በርሊንግ ዘመን ይጠየቅ የነበረው ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 ለንደን ውስጥ የበጎ አድራጎት አደራጅ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር፤ የታወቀና ብዙዎች አርአያ ያደረጉት ማኅበር ነው። አሠራሩ እያንዳንዱን ችግረኛ መመርመር፣ ከዚያ እርዳታ የሚገባውንና የማይገባውን መለየት ነበር። ይጠጣል? ይሠራል? ቤቷ ንጹሕ ነው? ኑሮዋ ቀና ነው? ፕሪስትሊ ታሪኩ በሚፈጸምባት በብረምሌ ከተማ የፈጠረው የሴቶች ድርጅት የዚያ ቤተሰብ ነው፤ ሚስስ በርሊንግም ለሚገባቸው ብዙ አድርገናል ትላለች። የሚገባትና የማይገባትን የምትለየው እሷው ናት።

እትዬ፦ እኛ ዘንድም «ጠባይዋ ጥሩ አይደለም» የሚል አይጠፋም። እንዳትሸፍን።

መምህሩ፦ እሱን እርስዎ ይበሉት፣ እኔ አልልም።

እትዬ፦ ብያለሁ። ሲባል ደግሞ ዝም አልልም። አሁን ወደ ሴትዮዋ እንመለስ። አባትየውን ፈልገሽ አምጪ ብላ መመለሷስ ትክክል አይደለም? የወለደ ያሳድግ ማለት ምን ክፋት አለው?

መምህሩ፦ ሲሰሙት ክፋት የለውም። ሕጉን ሲያውቁ ነው የሚከፋው። በዚያ ዘመን ሳታገባ የወለደች እናት አባትየውን ለመክሰስ ወደ አጥቢያ ዳኞች መሄድ አለባት። እ.ኤ.አ. በ1872 በወጣው ሕግ ዳኞቹ በአባትየው ላይ ሊወስኑ የሚችሉት ቀለብ ቢበዛ በሳምንት 5 ሽልንግ ነበር። የእናትየው ቃልም ብቻውን አይበቃም፤ የሚያጸና ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። ኢቫ ስሚዝ በአቶ በርሊንግ ፋብሪካ በአማካይ 22 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ታገኝ ነበር፣ እሱም አልበቃት ብሎ ነው ያሳደመችው። 5 ሽልንግ የዚያ ሩብ እንኳ አይሞላም። ደግሞ በብረምሌ የዳኝነት ወንበር ላይ ከሚቀመጡት አንዱ ማን እንደሆነ አስቀድሜ ነግሬዎታለሁ።

እትዬ፦ ባሏ!

መምህሩ፦ ባሏ። የጽንሱ አያት፤ አባትየው የገዛ ልጃቸው ኤሪክ ነውና። ልጅቷ ምክሩን ሰምታ ብትሄድ ኖሮ ልጁን ልትከስ የምትቆመው አባቱ ዳኛ በሆነበት ችሎት ነው። ፕሪስትሊ ይህን በቃል አይነግረንም፤ ሁለቱን ነገሮች ግን አስቀምጦልን ሄዷል። ሚስስ በርሊንግ «አባትየው ይክፈል» ስትል ሰው ሁሉ የሚገባበት በር ያለ ይመስላታል። ለእሷ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ስለነበረ ነው።

እትዬ፦ እኔ ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ነው ልቤ የቀረው። የተሰረቀው ገንዘብ ላይ።

መምህሩ፦ ይበሉኝ።

እትዬ፦ ልጅቷ ኮሚቴው ፊት መጨረሻ ላይ እውነቱን ተናገረች እኮ። አባትየው አለ፣ ገንዘብም ይሰጠኝ ነበር፣ ግን የተሰረቀ መሆኑን ስለጠረጠርሁ መቀበል አቆምሁ አለች። ስሙን ግን አልናገርም አለች። አስበው፤ ርቧት፣ መጠለያ አጥታ፣ የሌባ ገንዘብ አልነካም አለች። ያን ልጅም አላጋለጠችውም። ይህንን እኛ ኮሚቴ ፊት አንዲት ልጅ ብትናገር ተነስቼ አቅፋታለሁ። ሴትዮዋ ግን ከሁሉም አብልጣ የተቆጣችው በዚህ ነው! ባል አለኝ ብላ ስትዋሽ እንኳ እንዲህ አላንገሸገሻትም። እንዲህ ያለች ሴት እንዲህ ያለ ክብር ከየት አመጣች ነው ነገሩ። ድሃ ኩራት አማራት! አለቻት በልቧ።

መምህሩ፦ ይህን በክፍሌ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ይፈጅብኛል። ልጆቹ ሚስስ በርሊንግ ድሆችን የምትንቀው መጥፎ ናቸው ብላ ስለምታስብ ይመስላቸዋል።

እትዬ፦ አይደለም። መጥፎ ቢሆኑላትማ ደስ ይላታል፤ ትመክራለች፣ ትገሥጻለች፣ ትረዳለች። እግሯ ሥር ወድቃ ብታለቅስላት ኖሮ አንዳች ነገር ትሰጣት ነበር፣ እመነኝ። ያልቻለችው ልጅቷ ከእሷ የተሻለች ሆና መገኘቷን ነው። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፤ የለመነ ያውቀዋል። እሳቱ የሚያቃጥለው ግን ፊትህን ቀና አድርገህ ስትለምን ነው። እኔ ወደዚህ አገር መጥቼ ወረቀት ሳይኖረኝ ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት ካለቀስሁ አንድ ነገር እንደማገኝ፣ መብቴን ካነሳሁ ፊታቸው እንደሚለወጥ ገብቶኝ ነበር። ማልቀስ አልወድም። ብዙ ቀን ባዶ እጄን ተመልሻለሁ።

መምህሩ፦ በገንዘብ እናስላው እንዴ? ኤሪክ ከአባቱ መሥሪያ ቤት አጭበርብሮ የወሰደው ወደ 50 ፓውንድ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ ስለነበር 1,000 ሽልንግ ይሆናል። ሠራተኞቹ የጠየቁት ደመወዛቸው ወደ 25 ሽልንግ ከፍ እንዲል ነው፤ ጭማሪው ለአንዲት ሠራተኛ በሳምንት ሁለት ሽልንግ ተኩል ነው። ልጁ የሰረቀው አባቱ ለኢቫ የነፈጋትን ጭማሪ 400 ሳምንት ይከፍል ነበር። ወደ ስምንት ዓመት ማለት ነው።

እትዬ፦ ወይ ጉድ! ያ ገንዘብ ተዟዙሮ እጇ ሲገባ ደግሞ አልፈልግም አለች።

መምህሩ፦ አዎ። በዚያ ቤት የሌብነት ገንዘብ የተጸየፈች ብቸኛ ሰው እሷ ናት፣ እሷም አንድ ቀን እዚያ ቤት አልገባችም።

እትዬ፦ ቅድም የምትደብቀው ያለ አይመስላትም ስትለኝ የነበረውን አሁን ልቀበልህ የምችለው በአንድ ነገር ነው። ልጇ ሰካራም መሆኑን የምር አታውቅም ነበር። ሺላ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠጣ ኖሯል ስትላት ደነገጠች።

መምህሩ፦ አልደርማን ሜጋርቲም አለ። ጄራልድ ልጅቷን ያገኛት ያ ሰውዬ በአንድ መጠጥ ቤት አስጨንቆ ይዟት ሳለ ነው። የከተማው ባለሥልጣን ሴሰኛ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ልጇ ሺላ እንኳ ታውቃለች። የማታውቅ እሷ ብቻ ናት። ስለ ድሆች ልጃገረዶች ግን አንዲቷንም ሳትቀርብ ሁሉን ታውቃለች፤ እንዲህ ያሉ ሴቶች ገንዘብ አይመልሱም፣ እንዲህ ያሉ ሴቶች ይህን አያስቡም ትላለች። ስለ ራሷ ወገን አለማወቅ፣ ስለ ሌላው አብጠርጥሮ ማወቅ። ይህን ግብዝነት ካሉት አብሬዎት እቆማለሁ፤ ዓይኗን ራሷ መርጣ ነው የጨፈነችው።

እትዬ፦ በመጨረሻ ግን ከፈተላት።

መምህሩ፦ ያን ትዕይንት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አሁንም ያስጨንቀኛል። ኢንስፔክተሩ እየደጋገመ ጥፋተኛው ማነው ይላታል። እሷ ትፎክራለች፤ ያ ሰካራም፣ ያ ሥራ ፈት ጎረምሳ ነው፣ በሰው ፊት ይጋለጥ፣ አይማሩት ትላለች። ሺላ ገብቷት እማዬ በቃሽ እያለች ትለምናታለች። ባልየው ቀስ እያለ ይገባዋል። እሷ የመጨረሻዋ ናት። ከዚያ በሩ ይከፈትና ኤሪክ ይገባል።

እትዬ፦ ወዲያው ልሳኗ ተዘጋ። ያ ሁሉ «ይጋለጥ» የት ገባ? ልጄ ነው ሲባል ሕጉ ተለወጠ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው እንዲህ ላለችው ነው።

መምህሩ፦ እኔ እዚህ ላይ ትንሽ አዝንላታለሁ። እናት ናት።

እትዬ፦ እናት ስለሆነች ነው እኮ የማላዝንላት! ለኤሪክ የራራ ሆዷ ለኢቫ ሆድ መራራት አልነበረበትም? ልጇ 20 ዓመት አልፎት ገና ሕፃን ነው ትላለች። ኢቫ ስንት ዓመቷ ነበር?

መምህሩ፦ ስትሞት 24። በ1910 ከፋብሪካው ስትባረር 22 ገደማ።

እትዬ፦ እሷ ግን ሕፃን አልተባለችም። «እንዲህ ያለች ሴት» ነው የተባለችው።

መምህሩ፦ ፕሪስትሊ ይህን ሲጽፍ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እያለቀ ነበር። ታሪኩን ወደ 1912 ወሰደው፣ ታይታኒክ ልትነሳ ጥቂት ቀን ወደቀራት ወቅት። ራሱ በ1894 የተወለደ፣ በመጀመሪያው ጦርነት ጉድጓድ ውስጥ የተዋጋ ሰው ነው። ተውኔቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1945 በሶቪየት ኅብረት ነው፣ ለንደን የደረሰው በ1946። የለንደን ተመልካች ያን ጊዜ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ድሃ ሲታመምም ሆነ ሥራ ሲያጣ በሚስስ በርሊንግ በጎ ፈቃድ እንዳይንጠለጠል፣ በመንግሥት ዋስትና እንዲኖር ሕግ እየወጣ ነው። በ1948 ብሔራዊው የጤና አገልግሎት ተጀመረ። ስለዚህ ሴትዮዋ ለዚያ ተመልካች የሩቅ ዘመን ተረት አልነበረችም። አንድ ነገር ሊፈርስ ሲል ማን ቁልፉን ይዞ እንደነበረ ታሳያለች።

እትዬ፦ እኛ ያየነው ላይ ቤቱ ከመንገዱ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ነው አይደል? ታች ዝናብ ነው፣ ላይ ሳቅ ነው።

መምህሩ፦ የስቲቨን ዳልድሪ ዝግጅት ነው፤ በ1992 ናሽናል ቲያትር የተጀመረው። ቤቱ ይንኮታኮታል።

እትዬ፦ ቤቱ ሲንኮታኮት ሰው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ሴትዮዋን እያየሁ ነበር። ኤሪክ ገደልሻት፣ ልጄንም የልጅ ልጅሽንም ገደልሽ ብሎ ጮኸባት። ከዚያ ብዙ ቆየች፣ ብዙ ተናገረች። ኢንስፔክተሩ እውነተኛ ፖሊስ አይደለም ሲባል ተነቃቃች፤ ያልተንበረከክሁለት እኔ ብቻ ነኝ አለች። ኤሪክን አፍሬብሃለሁ አለችው። ስለ ልጁ ግን አንዴም አልጠየቀችም። ያ ጽንስ በርሊንግ ነው። በስሜ መጣችብኝ ያለችው ስም በደም የራሱ ነበር።

መምህሩ፦ መጨረሻ ላይ ስልኩ ሲደወል፣ እውነተኛ ፖሊስ ሊመጣ ነው ሲባል፣ ፊቷ ይገረጣል።

እትዬ፦ ለማን ብላ? ፖሊስ ሊመጣ ነው ስለተባለ ነው የገረጣችው። ፕሪስትሊ እዚህ ላይ አጥፍቷል ባይ ነኝ። ሺላና ኤሪክ ወጣት ናቸው፣ ይለወጣሉ፤ እናትየውን ግን አሮጊት ናት፣ አበቃላት ብሎ ተዋት። እኔም ስልሳን አልፌአለሁ። በዚህ ዕድሜ ሰው አይለወጥም የሚለውን አልቀበለውም። እኔ ብሆን ያን አንድ ጥያቄ እሰጣት ነበር፤ «ልጁስ?» እንድትል።

መምህሩ፦ ያን ብትጠይቅ እኛ ይቅር ብለናት፣ ቀለል ብሎን ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር። እሱ ቀለል እንዲለን የፈለገ አይመስለኝም።

እትዬ፦ አልፈለገ ይሆናል። እኔ ግን ይቅር ልላት ተዘጋጅቼ ነበር፤ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አፏን አፏን ሳይ ነበር።